አበልጅ ያልሆንኩበት ክርስትና

ለሌለች ሴት ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀምጫለሁ። መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ተሻገር ደጃፍ በተተከለ ድንኳን፣ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ "አይዞህ በለው እንጂ፤ ጓደኛህ አይደለም ወይ?" እያሉ በክርናቸው ይጎሽሙኛል። ተሻገር ፊት ለፊቴ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። ቀና ካለ ዓይናችን ይገናኛል፤ ከተገናኘ ደግሞ አንዳችን ወይ ይስቃል ወይ ይጮኻል። ጥፋቱ የማን ነው ካላችሁ የእኔ ነው። ሚስቱን የፈጠርኳትም የገደልኳትም እኔ ነኝ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ስሜ ሚካኤል ነው፤ አርብ ገበያ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። ተሻገር የእስቴ ጥራጥሬ ነጋዴ ነው። ባቄላና ሽምብራ ከገበሬ እየሰበሰበ እስከ ሞያሌ ይጭናል። ከሰባት ዓመት በፊት አንድ አርብ ቀን ገበያ ሲዞር ውሎ ትኩሳት አጣደፈውና ደም ሊሰጥ እኔ ዘንድ መጣ። ታይፎይድ ነበር። ውጤቱን ስነግረው "በሽታዬን ካወቅህልኝ ስምህን ልወቅ" አለኝ። በዚያው ቀረን። ሁለት ወንዶች እንዲህ መዋደዳቸውን ሰው ቢያውቅ ሕጉም አይምረን፣ አገሬውም አይምረን። ስለዚህ ሰባት ዓመት ሙሉ በሰው ፊት "ጓደኛዬ" ስንባባል ኖርን። ይህች ቃል እንደ እሬት ትመረኛለች።

ልጅ ያማረው መጀመሪያ እሱ ነው። ከሞያሌ ማዶ ያለ ደንበኛው ናይሮቢ ውስጥ ሚስት የሌለው ወንድ አባት የሚሆንበት ክሊኒክ እንዳለ ነገረው። እንቁላሉን አንዲት ሴት ትለግሳለች፤ ከወንዱ ዘር ጋር ላቦራቶሪ ውስጥ ይገናኛል፤ ከዚያ በሌላ ሴት ማኅፀን ያድጋል። ጽንሱን እሸከማለሁ ብላ የተስማማችው መርሲ ትባላለች፤ የራሷ ሁለት ልጆች ያሏት ሳቂታ ሴት ናት። ለእረፍት የሄድኩ መስዬ እኔም ናይሮቢ ወረድኩና ሁለታችንም ዘር ሰጠን። መጀመሪያ የእኔ ተሞከረ፤ አልያዘም። ደግሞ ተሞከረ፤ አልያዘም። የስንቱን ሰው ስንት ነገር በማይክሮስኮፕ አይቼለት "አይዞህ" ያልኩ ሰውዬ፣ ሐኪሙ በትሕትና "የአንተ ደከም ይላል" ሲለኝ ለማመን አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ሦስተኛው የተሻገር ነበር፤ ያዘ። ደስ አለኝ አልኩት። ግማሹ እውነት ነው።

የእኔም ድርሻ ተበጅቶልኝ ነበር። ልጁ በአርባ ቀኑ ሲጠመቅ ክርስትና የማነሳው እኔ ነበርኩ። አበልጅ ማለት በእኛ አገር ቀላል ነገር መሰላችሁ? አበልጅ በፈለገው ሰዓት በሩን ገፍቶ ይገባል። ልጁን አቅፎ ይስማል፣ ሲታመም ሐኪም ቤት ያደርሳል፣ ሲያጠፋ ይቆጣል፤ "ምን ቤት ነህ?" የሚለው የለም። ልጁም "የክርስትና አባቴ" ይለዋል። አባት የሚል ቃል ያለበት ስም ማለት ነው። ከሰባት ዓመት "ጓደኛዬ" በኋላ እሱኑ ተስፋ አድርጌ ቀን ቆጠርኩ።

ጥቅምት ሃያ አራት ቀን ተሻገር ከናይሮቢ ደወለ። 

"ሚኬ፣ ተወለደች።"

"ተወለደች?"

"ሴት ናት። ጽጌ ብያታለሁ፤ ወሩ የጽጌ አይደል?"

ሴት ልጅ የክርስትና እናት እንጂ የክርስትና አባት የላትም። ዘጠኝ ወር ሙሉ፣ የላቦራቶሪ ሰው ነኝ የምለው እኔ፣ ነገሩ ግማሽ በግማሽ መሆኑን አንድ ቀን አላሰብኩትም።

"ደስ አላለህም?" አለኝ።

"ብሎኛል።"

"ለእመቤት ምን ልበላት? እናቷስ ካለችኝ?"

እመቤት ታላቅ እኅቱ ናት፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ቤቱን የምትይዝለት እሷ ናት። እኔ በተቃጠለ አንጀቴ፣ ለመገላገል ያህል፣ "ናይሮቢ ሚስት አግብቼ በወሊድ ሞተችብኝ በላት" አልኩት። የሞተ ሰው ጥያቄ የለበትም ብዬ ነው። በእኛ አገር ጥያቄ የሚበዛበት የሞተ ሰው መሆኑን የረሳሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

ወረቀቱ አልቆ ተሻገር በወሩ ልጅቷን ይዞ ሲገባ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው በለቅሶ ደራሽ ተሞልቶ ጠበቀው። እልል ሊባልላት የሚገባት ልጅ በዋይታ አገር ገባች። ደጊቱ የሚሏት አልቃሽ አይታት የማታውቃትን ሴት ቁመቷን፣ ፀጉሯን፣ እጇን እያነሳች ድንኳኑን አናወጠችው። የሰው አገር ሙሽራ አለቻት። ደረት የመቱ አሉ። እኔ የፈጠርኳት ሴት ከእኔ የበለጠ አልቃሽ ነበራት።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴት ጽጌን ታቅፋ ከጓዳ ወጣች። ብሩክታዊት ትባላለች፤ መምህርት ናት፤ ግቢያቸው ከተሻገር ጋር አጥር ይጋራል። ዓይኗ በእንባ አብጧል። ልጅቷን ለተሻገር ልታሳየው ጎንበስ ስትል ከልጅቷ ይልቅ እሱን ነው ያየችው። ቶሎ ብላ ዓይኗን መለሰች። እኔ ግን ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ሰባት ዓመት ያየሁበት ነው። 

ሐዘንተኛ ወንድ በእኛ አገር የሚከበረው አርባ ቀን ነው። በአርባ አንደኛው ቀን ሚስት ይፈለግለታል። እመቤት ደግሞ ቀን የምታሳልፍ ሴት አይደለችም። ልጠይቅ በሄድኩ ቁጥር ጆሮዬ ሥር ትቀመጣለች።

"አንተ ጓደኛው ነህ፣ ምከረው። ወንድ ብቻውን ሕፃን ያሳድጋል? ብሩክታዊት እንደሁ ልጅቷን እንደ ወለደቻት ነው የምታያት። እሱንም ትወደዋለች፤ እሱ ነው ዕውር የሆነው።"

"እመክረዋለሁ" እላለሁ። ምን ልበል?

በዚያ ሁሉ መመላለስ ጽጌን አንድ ቀን አላቀፍኳትም። እጄን ስዘረጋ እመቤት "ወንድ ጨቅላ አያቅፍም፤ አንገቷን ትሰብርብናለህ" ብላ ትወስዳታለች። ተሻገር ዓይኑን ይሰብራል። እኔም ሻዬን ጠጥቼ፣ እንደ ማንኛውም ጠያቂ "እግዜር ያሳድጋት" ብዬ ወጥቼ፣ በደብረ ታቦር ዞሬ አርብ ገበያ እመለሳለሁ። መኪና ውስጥ መስኮቱን እያየሁ የምናገረው ብቻዬን ነው። ምኗ ነኝ? አንድ ሰው ይመልስልኝ። ምኗ ነኝ?

ታኅሣሥ ሃያ ገደማ አውቶቡስ የሚነዳው ሀይሉ ደብዳቤ አመጣልኝ። የተሻገር ስልክ ቤት ውስጥ የሁሉም ስለሆነ ቁም ነገር በደብዳቤ ነበር የምንነጋገረው። እንዲህ ይላል፦

"ወንድሜ ሚካኤል፣ ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ። ክርስትናው ጥር አሥራ ሦስት እሑድ ነው። ጽጌን ክርስትና የምታነሳት ብሩክታዊት ናት። ተነጋግረን ተስማምተናል፤ ጉዳዩ ተቆርጧል። እስከዚያ ባትመጣ ይሻላል። ፊትህ ነገር አይደብቅም። ተሻገር።"

አሥር ጊዜ አነበብኩት። ተነጋግረን ተስማምተናል። ጉዳዩ ተቆርጧል። ባትመጣ ይሻላል። ወንድሜ። ይህን ሁሉ በአንድ ወረቀት። ልጅቷን የምታቅፋት እሷ፣ ቤቱን የምትገባው እሷ፣ እኔ ደግሞ ፊቴ የማይደብቅ እንቅፋት። ያኔውኑ መልስ ጻፍኩለት፤ ሁለት መስመር ብቻ። "እንኳን ደስ ያላችሁ። ጋቢዬንና መጻሕፍቴን በሀይሉ ላክልኝ።" ለሀይሉ እንደ ሰጠሁት ጸጸተኝ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ሦስት እርምጃ ተከትዬው ቆምኩ።

ዕቃው አልመጣም። መልስም አልመጣም። ያን ሰሞን ታካሚ ላይ እጮህ ነበር። አንዷን እናት "የምርመራ ወረቀቱን በሥርዓት ያዢ" ብዬ ተቆጥቼ፣ ስትወጣ ልጇን አዝላ ሳያት እንባዬ መጣ።

ለጥምቀት አባቴ ዘንድ ሄድኩ። አባቴ መሪጌታ ቀለመወርቅ ቤተ ልሔም በሚባለው ደብር ድጓ ያስተምራሉ። ታቦቱ ከገባ በኋላ፣ በዝማሬ ድምፃቸው ዘግቶ፣ እግራቸውን ዘርግተው አገኘኋቸው። ጠላ ቀድቼ ሰጠኋቸው።

"ምነው ፊትህ ጠቆረሳ?" አሉኝ።

"ምንም አልሆንኩ፣ አባቴ።"

"ያ የእስቴው ጓደኛህ እንደምን ከረመ? የሚስቱን የክርስትና ስም አምጣልኝ፣ በጸሎት ላስባት ካልኩህ ቆየሁ።"

ለሰው ሁሉ ዋሽቻለሁ። ለእሳቸው ጸሎት ግን የሌለች ሴት ስም ማቀበል አልቻልኩም።  ወሬ ለመቀየር ብዬ "እሱማ ሐዘኑን ረስቶታል፤ ሊያገባ ነው" አልኩ።

"ማንን?"

"አንዲት መምህርት ናት። ልጅቷን እሑድ ክርስትና የምታነሳት እሷው ናት።"

አባቴ ዋንጫውን ከአፋቸው መለሱት።

"ክርስትና አንስታለት ያገባታል?"

"አዎ።"

"ኧረግ። አበልጁን ደፍሮ የሚያጋባው ማን ቄስ ነው? ልጁን ካነሳችለት በኋላ እኮ እኅቱ ናት፣ ሊያገባትም አይችል። ይህን ነገር ከዚህ ቤት ያደገ ልጅ ይስታል?" ሳቅ አሉ። "ይልቅ ዘመድ ሚስት አግባ እያለ መፈናፈኛ ቢያሳጣው፣ ላለማግባት ነው እንዲህ የሚያደርግ። ብልህ ሰው ነው።"

ፊቴ ጋለ። የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ ይህን ፊደል ሳልቆጥር ነው የማውቀው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ደብዳቤውን ደረት ኪሴ ይዤ ዞርኩ፤ አንዴም ትዝ አላለኝም። ቅናት ሲገባ ዕውቀት ይወጣል።

ጥር አሥራ ሁለት የበዓል ቀን ነው፤ መኪና የለም። ግማሹን በእግሬ፣ ግማሹን የጭነት መኪና ላይ ቆሜ ደብረ ታቦር ገባሁ። እሑድ ማለዳ የተነሳው አውቶቡስ መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳበት። ሾፌሩ ሻይ ካልጠጣሁ ጎማ አልቀይርም አለ። ከሰው ሁሉ ጋር ተጣላሁ። መካነ ኢየሱስ ስደርስ ጥምቀቱ አልፎ፣ ቅዳሴው አልቆ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን እየወጣ ነበር።

ተሻገር በነጭ ልብስ ከቅጽሩ በር አጠገብ ቆሟል። አየኝ። ፈገግ ሊል ጀምሮ ተወው። ከኋላው እመቤት ሳታየኝ በጥርሷ ትናገራለች፤ "ጉድ ሠራኝ፤ ልድርለት ያልኳትን አበልጅ አደረጋት። ማንን አማክሮ?" እያለች ለጎረቤቷ ታማርራለች። ተሻገር ራቅ ወዳለው ወይራ ሥር ሄደ፤ ተከተልኩት።

"ባትመጣ ይሻላል ብዬህ አልነበር?"

"ለምን እንዲህ ነው ብለህ አልጻፍክልኝም?"

"ሀይሉ ፖስታ ከፍቶ እንደሚያነብ አገር ያውቀዋል፤ አንተ ብቻ ነህ የማታውቀው። ክርስትና የምታነሳት እሷ ናት ካልኩህ አይበቃህም? የመሪጌታ ልጅ አይደለህ?"

"አልገባኝም ነበር።"

"ሦስት ሳምንት?"

"ሦስት ሳምንት።"

አንገቱን ነቀነቀ። በሰው ፊት ስለሆንን እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ነበር የሚናገረው። "ጋቢዬን ላክልኝ ትላለህ። ያ ደብዳቤህ ሲደርሰኝ መጋዘን ገብቼ ዘጋሁት። ባቄላ ላይ ተኝቼ አለቀስኩ፣ ሚኬ። ለሞተችው ሚስቴ ነው ብለው ደግሞ ገብተው አጽናኑኝ።"

መሳቅ አማረኝ፤ አልቻልኩም። "ጋቢውን ለምን አልላክኸውም ታዲያ?"

"አልልከውም።"

ልቤ ለሰለሰ። ቁጣዬ ግን የትም አልሄደም፤ ሌላ ቦታ ይዞ ተቀመጠ። "እሺ፣ እሷን አላገባህም። ነገስ? እመቤት ሌላ አታመጣም? እኔስ? ልጅቷ አድጋ ማን ልትለኝ ነው? ጋሼ? የአባቴ ጓደኛ?"

"ምን ላድርግ? ንገረኝና ላድርገው።"

እሱን አላውቅም። የሚያናድደኝም እሱ ነው። የሚጠየቅ ሰው ቢኖር፣ የሚደበደብ በር ቢኖር እንዴት ጥሩ ነበር።

"አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትጮህ" አለ ቀስ ብሎ። "ለብሩክታዊት ሁሉን ነግሬያታለሁ። ስለ መርሲም፣ ስለ አንተም።"

ዙሪያዬን ገላመጥኩ። "አብደሃል? ብትናገርስ?"

"እያታለልኩ ክርስትና አንሺልኝ ልበላት? አልቻልኩም።"

ይህን እንዳለ ቄሶቹ ጠሩት። ጥሎኝ ሄደ። ወይራው ሥር ብቻዬን ቆሜ፣ ይህች ሴት ከፈለገች ዛሬ ማታ ሁለታችንንም እስር ቤት ታስገባናለች ብዬ አሰብኩ። ፍርሃትና ንዴት አንድ ላይ ሲመጣ ሰው የቱን እንደሚያስቀድም አያውቅም።

ቀና ስል ብሩክታዊት ጽጌን ታቅፋ ወደ እኔ ስትመጣ አየኋት። ልጅቷ ነጭ ለብሳ፣ ማተብ አስራ፣ ግንባሯ በቅባት ያበራል። ብሩክታዊት ፊቷ ገርጥቷል፤ አልተኳለችም።

"ሚካኤል፣ አንተ ነህ አይደል?"

"ነኝ።"

"ድንኳን ውስጥ አይቼህ ነበር። በክፉ ዓይን ነበር የምታየኝ። አሁን ነው የገባኝ።"

"ይቅርታ አድርጊልኝ" አልኩ። 

"እሱን አምስት ዓመት ነው የጠበቅሁት። እናቱን ያስታመምኩ እኔ፣ በዓል በመጣ ቁጥር በሩን በሩን ያየሁ እኔ። እንግዲህ እኔን ላለማግባት እኔኑ ክርስትና አንሺልኝ ብሎ ሲለምነኝ አስበው። ሦስት ቀን ትምህርት ቤት አልሄድኩም።"

"ታዲያ ለምን እሺ አልሽ?"

ልጅቷን ወደ ደረቷ አስጠጋቻት። "ያን ጊዜ ስለ ለቅሶው ተናደድኩ። ለማን ነበር ያለቀስኩት አልኩ። ከዚያ ደግሞ፣ ለሌለች ሴት ያን ያህል ካነባሁ፣ ያለችውን ልጅ እንዴት ልተዋት አልኩ።" የልጅቷን ልብስ አስተካከለችላት። "አልናገርም። ይቅር ያልኳችሁ ግን እንዳይመስልህ። አንድ ነገር ብቻ፣ ስታድግ እናትሽ ሞታለች አትበሏት። ሰው በቁሙ አይቀበርም።"

"እሺ" አልኩ። "እሺ።"

ወደ ቄሶቹ ዞር ብላ አየች። ተሻገር በካህናት ተከቧል፤ እመቤት ሴቶቹን ለግብዣ ታጣድፋለች።

"ሥርዓቱን መቼም ታውቀዋለህ። ክርስትና ያነሳ ልጁን ለአባቱ ሳያስረክብ አይሄድም። እሱ እንደምታየው አልለቅ ብለውታል፤ የእኔ ክንድ ደግሞ ዛለ።" ዘረጋችልኝ። "እንካ፣ አንተም ያው ነህ። ተቀበለኝ።"

ተቀበልኳት።

ካሰብኩት ትከብዳለች። አንገቷን በመዳፌ ደገፍኩት፤ አልተሰበረም። ትንሽ አማረረችና ጣቴን ይዛ ተወች።  ሰማንያ ቀን ሙሉ በልቤ ያወራኋት ሁሉ ጠፋኝና "ጽጌ" ብቻ አልኳት። ደገምኩት። ማዶ ተሻገር ለቄሱ የጀመረውን ንግግር አቋርጦ ያየናል፤ ዓይኑ ሞልቷል፤ ጉንፋን እንደያዘው ሰው በነጠላው ጫፍ ፊቱን ይጠርጋል። ብሩክታዊት ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች፤ ሰው ወደ እኛ ሲመጣ "ሕፃኗ እየተኛች ነው" እያለች ትመልስልናለች። ያቺን ሴት ስንት ቀን እንደረገምኳት ሳስብ የምገባበት ጠፋኝ።

"አንተ ልጅ፣ ኧረ አንገቷን!" እመቤት ከሩቅ አየችኝ። እየተንደረደረች መጥታ ከእጄ ወሰደቻት። "ማን ሰጠህ? በል ና፣ ምሳ ቀርቧል፣ ከጓደኞቹ ጋር ተቀመጥ።" ልጅቷን ይዛ ሄደች። ጽጌ በትከሻዋ ላይ ሆና የትም የማያይ ዓይኗን ከፍታ ነበር። እጄ እንደ ተዘረጋ ቀረ፤ ምን እንደማደርገው አላወቅሁም።

ሩብ ሰዓት አይሞላም። ሰባት ዓመት ጠብቄ ለሩብ ሰዓት አባት ሆንኩ። ሰው ቢጠይቀኝ ተመስገን እላለሁ። እውነቱን ለእናንተ ልናገር ካልሁ ግን፣ አልበቃኝም።